በአነስተኛ በጀት ለሚገጣጠም የጌም ኮምፒውተር ዕቃ እንዴት ይመረጣል? ዝርዝር መመሪያ

በአነስተኛ ገንዘብ የጌም ኮምፒውተር ለመገጣጠም ከሚነሱ ሰዎች ብዙዎቹ የሚሰናከሉት በመገጣጠሙ ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት በሚደረገው ምርጫ ላይ ነው። ገንዘቡ ወጥቶ ዕቃው ሁሉ ከተገዛ በኋላ ማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ፕሮሰሰሩን (ስሌቱን የሚሠራውን ዋና ቺፕ) አላውቀውም ይላል፤ ወይም ሁሉም ገጥሞ ጌሙ ይቆራረጣል፤ ወይም ከባድ ጌም በተከፈተ ቁጥር ኮምፒውተሩ ድንገት ይጠፋል። የሦስቱም መነሻ አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ዕቃ ከሌላው ተነጥሎ፣ በካርቶኑ ላይ በደማቁ በተጻፈው ቁጥር ብቻ ተመዝኖ መገዛቱ። በዚህ መመሪያ ውስጥ አንዱ ምርጫ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚወስን ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ፤ ዝርዝሩ በወረቀት ላይ ተሟልቶ እስኪያልቅ ድረስም አንድም ዕቃ አይግዙ።

## ዝግጅት፦ ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ

በወረቀቱ ራስጌ ላይ የሚከተሉትን አራት ነገሮች ይጻፉ።

1. በብዛት የሚጫወቷቸውን ሦስት ጌሞች በስማቸው ይጻፉ። «ሁሉንም ጌም» ብሎ መጻፍ ለምርጫ አይረዳም።
2. የሞኒተርዎን ሪዞሉሽንና ሄርዝ ይጻፉ። ሪዞሉሽን ማለት በሞኒተሩ ወርድና ቁመት ያሉት የምስል ነጥቦች (ፒክሰሎች) ብዛት ነው። ሄርዝ ማለት ሞኒተሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስሉን እንደሚያድስ የሚገልጽ ቁጥር ነው።
3. ያለዎትን ጠቅላላ ገንዘብ ይጻፉና ከሃያው አንዱን እጅ ለመጠባበቂያ ይቀንሱ። ሲገጣጠም የሚጎድል ኬብል፣ ተርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ወይም ፋን አይጠፋም።
4. አስቀድመው ያሉዎትን ዕቃዎች፣ ማለትም ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ሞኒተር፣ አሮጌ ሃርድ ዲስክ የመሳሰሉትን ይዘርዝሩ።

ከመጠባበቂያው የተረፈውን ገንዘብ እንደ 100 ቆጥረው እንደሚከተለው ያከፋፍሉት፦ ለግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል ለሚስለው) 40፣ ለፕሮሰሰር 18፣ ለማዘርቦርድ 12፣ ለራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ ለሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) 10፣ ለኤስኤስዲ (ዊንዶውስና ጌሞቹ ለሚቀመጡበት) 8፣ ለፓወር ሰፕላይ (ለዕቃዎቹ ኃይል ለሚያድለው) 8፣ ለኬዝ (ሁሉን ለሚይዘው ሳጥን) 4። እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው እንጂ ሕግ አይደሉም፤ በተለይ የራምና የኤስኤስዲ ዋጋ ከወር ወደ ወር በእጅጉ ሊለዋወጥ ስለሚችል በእነዚህ ላይ ጥቂት ማስተካከል ሊያስፈልግ ይችላል። ሆኖም የግራፊክስ ካርዱ ድርሻ ከ35 በታች ከወረደ፣ ወይም የፓወር ሰፕላዩ ድርሻ ለኬዝ መብራት ሲባል ከተቀነሰ፣ ዝርዝሩ ተበላሽቷልና እንደገና ይጀምሩ።

## ደረጃ 1፦ ጌሙንና ሞኒተሩን ያስታርቁ

ግራፊክስ ካርዱ የሚሠራው ሥራ በቀጥታ በሞኒተሩ የፒክሰል ብዛት ይወሰናል። 1920 በ1080 የሆነ ሞኒተር ወደ 2.07 ሚሊዮን ፒክሰል አለው። 2560 በ1440 የሆነው ወደ 3.69 ሚሊዮን፣ ፎርኬ የሚባለው 3840 በ2160 ደግሞ ወደ 8.29 ሚሊዮን ይደርሳል። ስለዚህ ፎርኬ ሞኒተር የያዘ ሰው ካርዱን የ1080ው ሞኒተር ከሚጠይቀው አራት እጥፍ ፒክሰል እንዲስል ያስገድደዋል። በአነስተኛ በጀት የሚገጣጠም ኮምፒውተር ዒላማው 1080 ነው፤ ከዚህ በላይ ለመሄድ ገንዘቡ ካልተገኘ ዒላማውን አይለውጡ።

ቀጥለው በወረቀቱ ላይ የጻፏቸውን ጌሞች በሁለት ይለዩ። እንደ ካውንተር ስትራይክ 2፣ ቫሎራንትና ዶታ 2 ያሉት የውድድር ጌሞች ለግራፊክስ ካርድ ቀላል ናቸው፤ በሰከንድ ብዙ ፍሬም (ተከታታይ ምስል) ለማግኘት ግን ጠንካራ ፕሮሰሰር ይፈልጋሉ። እንደ ሳይበርፐንክ 2077 ያሉት በምስል የበለጸጉ ጌሞች በአንጻሩ ሸክማቸውን በዋናነት በግራፊክስ ካርዱ ላይ ይጥላሉ። ሦስቱም ጌሞችዎ ከመጀመሪያው ወገን ከሆኑ ከካርዱ ድርሻ ላይ አምስት ያህሉን ወደ ፕሮሰሰሩ ማዛወር ይችላሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጌሙን የሠራው ድርጅት ከሚያወጣቸው ሁለት ዝርዝሮች ውስጥ «ዝቅተኛ መስፈርት» የሚለውን ይተዉትና «የሚመከር» የሚለውን ይመልከቱ። ዝቅተኛው መስፈርት የሚነግርዎ ጌሙ እንደሚከፈት እንጂ እንደሚያስደስት አይደለም። በተጨማሪም የማጭበርበር መከላከያ ያላቸው አንዳንድ ጌሞች ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉትን የኮምፒውተሩ የደህንነት መከላከያዎች ይጠይቃሉ፤ ለምሳሌ ቫሎራንት በዊንዶውስ 11 ላይ ሁለቱ ካልበሩ አይሠራም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት ወር 2025 እ.ኤ.አ. ስላቆመ፣ ዊንዶውስ 11 የማይቀበለውን አሮጌ ፕሮሰሰር መሠረት አድርጎ አዲስ ኮምፒውተር መጀመር አይመከርም። ከኢንቴል 8ኛው ትውልድ፣ ከኤኤምዲ ደግሞ ራይዘን 2000 የሚባለው ትውልድ በአብዛኛው ዝቅተኛው ወሰን ነው።

## ደረጃ 2፦ ግራፊክስ ካርዱን ይምረጡ

ገንዘብ በብዛት የሚባክነው በዚህ ደረጃ ላይ ስለሆነ ጊዜ ወስደው ይሥሩት።

የሜሞሪውን መጠን ይወስኑ። ለ1080 ቢያንስ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ካርድ ይምረጡ። 4 ጊጋባይት ያለው ካርድ በአዳዲስ ጌሞች ላይ ሜሞሪው ስለሚሞላ ምስሉ ይቆራረጣል፤ ይህንን ደግሞ ምንም ዓይነት ፈጣን ፕሮሰሰር አያስተካክለውም። የሜሞሪ ብዛት ብቻውን ግን ፍጥነት አይደለም፤ ደካማ ካርድ ላይ የተጫነ ብዙ ሜሞሪ ካርዱን ጠንካራ አያደርገውም።

ስሙን እስከ መጨረሻዋ ፊደልና ቁጥር ድረስ ያንብቡ። በአንድ ስም የሚሸጡ፣ በውስጣቸው ግን የተለያዩ ካርዶች አሉ። አርቲኤክስ 3050 በ8 ጊጋባይትና በ6 ጊጋባይት ይሸጣል፤ ልዩነቱ የ2 ጊጋባይት ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው 2560 የማስሊያ ኮር (ስሌት የሚሠራ ክፍል) ሲኖረው ሁለተኛው ያለው 2304 ነው፤ የሜሞሪው መንገድም ከ128 ቢት ወደ 96 ቢት ጠብቧል። ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 ጊጋባይቱም እንዲሁ ከባለ 6 ጊጋባይቱ ያነሰ ኮር አለው። አርኤክስ 580 በሚል ስም የሚሸጥ፣ «2048» የሚል ቁጥር የተጨመረበት ካርድ ደግሞ የእውነተኛው አርኤክስ 580 ኮሮች 2304 ስለሆኑ በኮር ብዛቱ የሚስተካከለው አርኤክስ 570ን ነው። ሻጩ የካርዱን ሙሉ ስም ካልነገረዎት ዋጋ አይጠይቁ።

የማዘርቦርዱን መስመር ይገምቱ። ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባል መስመር ነው። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ የተሠራው በአራት መስመር ብቻ ስለሆነ፣ በ4ኛው ትውልድ ስሎት (መሰኪያ ቦታ) ላይ የሚያሳየውን ውጤት በ3ኛው ትውልድ ስሎት ላይ አያሳይም፤ ሜሞሪውም 4 ጊጋባይት በመሆኑ ጉዳቱ ይብሳል። አሮጌ ማዘርቦርድ ያለው ሰው ይህንን ካርድ አይግዛ። አርኤክስ 6600 እና አርቲኤክስ 4060 ስምንት መስመር ስላላቸው በ3ኛው ትውልድ ስሎት ላይም በአብዛኛው ጥቂት ብቻ ይቀንሳሉ። የኢንቴል አርክ ካርዶችን ያሰበ ሰው ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ ሪሳይዘብል ባር የሚባለውን፣ ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲያገኝ የሚያስችለውን አሠራር መደገፋቸውን አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ ያለ እርሱ እነዚህ ካርዶች ከአቅማቸው በጣም ዝቅ ይላሉ።

ውጤቱን በጌምዎ ይመዝኑ። ለእያንዳንዱ እጩ ካርድ የእርስዎን ጌም፣ በ1080፣ በሚፈልጉት የምስል ደረጃ ሲያጫውት የሚያሳይ የፍተሻ ቪዲዮ ይፈልጉ። ከአማካይ የፍሬም ቁጥሩ ይልቅ «አንድ በመቶ ዝቅተኛ» የሚባለውን፣ ጌሙ በጣም በሚዘገይባቸው ቅጽበቶች ያለውን የፍሬም ቁጥር ይመልከቱ። አማካዩ 80 ሆኖ ዝቅተኛው 25 የሆነ ካርድ፣ አማካዩ 65 ሆኖ ዝቅተኛው 50 ከሆነው የባሰ ነው፤ ዓይን የሚያየው መቆራረጡን ነውና።

እኔ በአዲስ ዕቃ ለሚጀምር ሰው መነሻ አድርጌ የምወስደው የአርኤክስ 6600ን አቅም ነው፤ ባለ 8 ጊጋባይት ሲሆን የሚጠይቀው ኃይልም 132 ዋት ብቻ ነው። ከእርሱ ያነሰ አቅም ያለው ካርድ በተመሳሳይ ዋጋ ከቀረበልዎ አይቀበሉ።

ገንዘቡ ለካርድ ካልበቃ ደካማ ካርድ ከመግዛት ይልቅ እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ያለ የራሱ ግራፊክስ ያለው ፕሮሰሰር ይግዙና ለካርዱ ቀስ ብለው ይቆጥቡ። ይህንን መንገድ የሚመርጥ ሰው ራሙን በግድ በሁለት ቁራጭ ማድረግ አለበት፤ ግራፊክሱ የሚጠቀመው ያንኑ ራም ነውና አንድ ቁራጭ ብቻ ሲሆን ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል።

## ደረጃ 3፦ ፕሮሰሰሩን ከካርዱ ጋር ያመጣጥኑ

ለዚህ ደረጃ ላለ ካርድ 6 ኮርና 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚሄድ የሥራ መስመር) ያለው ፕሮሰሰር በቂ ነው። ራይዘን 5 5600 እና ኮር አይ5 12400ኤፍ ሁለቱም በዚህ ልክ የተሠሩ ናቸው። ገንዘቡ በጣም ከጠበበ ባለ 4 ኮርና 8 ትሬዱ ኮር አይ3 12100ኤፍ አሁንም ያገለግላል፤ ሆኖም ጌም እየተጫወቱ በተመሳሳይ ጊዜ ቪዲዮ በቀጥታ ለማስተላለፍ ያሰቡ ከሆነ እርሱን ይተዉት።

ከቁጥሩ ኋላ የምትመጣዋን ፊደል በጥንቃቄ ያንብቡ። በኢንቴል «ኤፍ» የሚል ፊደል ያለበት ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ ግራፊክስ ካርድ ሳይሰካ ሞኒተሩ ላይ ምንም አይታይም። «ኬ» የሚለው ፍጥነቱ ከፋብሪካው በላይ ከፍ እንዲል የተፈቀደለት ነው፤ ለዚህ የሚሆን ማዘርቦርድና ማቀዝቀዣ ውድ ስለሆነ ለአነስተኛ በጀት አይመከርም። በራይዘን ቤተሰብ «ጂ» የሚለው ፊደል ጠንከር ያለ ግራፊክስ አብሮት መኖሩን ያመለክታል።

ስማቸው የሚቀራረብ ሁለት ፕሮሰሰሮችን አያምታቱ። ራይዘን 5 5500 እና ራይዘን 5 5600 በኮር ብዛት እኩል ናቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው 16 ሜጋባይት፣ ሁለተኛው 32 ሜጋባይት የሦስተኛ ደረጃ ካሽ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሜሞሪ) አላቸው፤ የመጀመሪያው በፒሲአይ ኤክስፕረስ 3ኛው ትውልድ ላይ የቆመ ሲሆን ሁለተኛው 4ኛውን ይደግፋል። ጌም ካሽ ይወዳል፤ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ 5600ውን ይውሰዱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ያለ ካርቶን፣ «ትሬይ» በሚል ስም የሚሸጥ ፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ፋን የለውም። ርካሽ መስሎ የታየዎት የፋኑ ዋጋ ስለተቀነሰ ብቻ ሊሆን ይችላል።

## ደረጃ 4፦ ማዘርቦርዱን ከፕሮሰሰሩ ጋር ያጋቡ

በዚህ ደረጃ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ይመልሱ፤ አንዱ «አይ» ከሆነ ማዘርቦርዱን ይተዉት።

1. ሶኬቱ (ፕሮሰሰሩ የሚገባበት ቦታ) አንድ ነው? ራይዘን 5 5600 ኤኤም4 ሶኬት፣ ኮር አይ5 12400ኤፍ ኤልጂኤ1700 ሶኬት፣ ራይዘን 5 7600 ደግሞ ኤኤም5 ሶኬት ይፈልጋሉ። አንዱ በሌላው ውስጥ አይገባም።
2. የራሙ ዓይነት ታውቋል? ኤኤም4 የሚሠራው በዲዲአር 4 ብቻ፣ ኤኤም5 ደግሞ በዲዲአር 5 ብቻ ነው። ኤልጂኤ1700 ሁለቱንም ዓይነት ያስተናግዳል፤ ሆኖም የተገዛው ማዘርቦርድ ለአንደኛው ብቻ የተሠራ ስለሆነ የሞዴሉን ስም እስከ መጨረሻው ያንብቡ።
3. ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው የማዘርቦርዱ ሶፍትዌር) ፕሮሰሰሩን ያውቀዋል? ብዙ ሰው የሚወድቀው በዚህ ጥያቄ ነው።

ሦስተኛውን ጥያቄ ያልመለስኩበት ጊዜ ስለነበረ ጉዳዩን በደንብ አውቀዋለሁ። ቢ450 ማዘርቦርድ ከራይዘን 5 5600 ጋር ገዛሁ፤ ሻጩም ሶኬታቸው አንድ ስለሆነ ይገጥማሉ ብሎ አረጋገጠልኝ፤ ፕሮሰሰሩም በትክክል ገባ። ፋኖቹ ዞሩ፣ መብራቱ በራ፣ ሞኒተሩ ላይ ግን ምንም አልታየም። ማዘርቦርዱ ከፕሮሰሰሩ በፊት የተመረተ ስለነበረ በውስጡ ያለው ባዮስ ይህንን ፕሮሰሰር አያውቀውም፤ ባዮሱን ለማደስ ደግሞ የሚያውቀው ሌላ ፕሮሰሰር መሰካት ነበረበት። ሁለት ቀን ሙሉ ራሙንና ካርዱን ስነቅልና ስሰካ የቆየሁት ይህንን ሳላውቅ ነው።

ስለዚህ በማዘርቦርዱ አምራች ገጽ ላይ የሚደገፉ ፕሮሰሰሮች ዝርዝር የሚለውን ይክፈቱ፣ ፕሮሰሰርዎን በስሙ ይፈልጉ፣ ከጎኑ የተጻፈውን ዝቅተኛ የባዮስ ቁጥር በወረቀትዎ ላይ ይገልብጡ፣ ሻጩንም በማዘርቦርዱ ውስጥ ያለው ባዮስ ከዚህ ቁጥር በታች እንዳይሆን ያረጋግጥልዎ ዘንድ ይጠይቁ። ማረጋገጥ ካልቻለ ያለ ፕሮሰሰር ከፍላሽ ዲስክ ባዮስ መጫን የሚያስችል፣ «ባዮስ ፍላሽባክ» የሚባል ቁልፍ ያለበትን ማዘርቦርድ ይምረጡ።

ከዚህ ውጭ ቢያንስ አንድ ኤንቪኤምኢ (ፈጣኑን የኤስኤስዲ ዓይነት) የሚቀበል ኤም.2 ስሎትና ቢቻል አራት የራም ስሎት ይኑረው። ኤ520 እና ቢ450 ለግራፊክስ ካርዱ የሚሰጡት 3ኛውን ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ሲሆን፣ ቢ550 ተስማሚ ፕሮሰሰር ሲሰካበት 4ኛውን ይሰጣል። በደረጃ 2 የመረጡት ካርድ መስመሩ ጥቂት ከሆነ ይህ ልዩነት ገንዘብ ይገባዋል።

## ደረጃ 5፦ ራም

16 ጊጋባይት በሁለት ቁራጭ፣ ማለትም 8 በ8 አድርገው፣ በአንድ ካርቶን አብረው የታሸጉትን ይግዙ። ባለ 16 አንድ ቁራጭ በአንድ መንገድ ብቻ ስለሚያስተላልፍ ፕሮሰሰሩ የሚያገኘው የሜሞሪ ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል።

ፍጥነቱን ሲመለከቱ «ሲኤል» የሚለውን ቁጥርም አብረው ያንብቡ። ትክክለኛውን መዘግየት ለማወቅ ሲኤሉን በ2000 ያባዙና በፍጥነቱ ያካፍሉ። 3200 ፍጥነት ያለው ዲዲአር 4 በሲኤል 16 ከሆነ መዘግየቱ 10 ናኖሰከንድ ነው፤ በሲኤል 22 ከሆነ ግን ወደ 13.75 ይወጣል። 6000 ፍጥነት ያለው ዲዲአር 5 በሲኤል 30 ሲሆን ውጤቱ እንደገና 10 ነው። ለኤኤም4 የመጀመሪያው፣ ለኤኤም5 የመጨረሻው ተመራጭ ናቸው።

የላፕቶፕ ራም አጭር ስለሆነ ዴስክቶፕ ላይ አይገባም። ርካሽ ሆኖ ካገኙት በመጀመሪያ ርዝመቱን ይመልከቱ።

## ደረጃ 6፦ ኤስኤስዲ

አንድ ቴራባይት ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ይግዙ፤ ካልተቻለ 500 ጊጋባይት ይበቃል፤ ነገር ግን ብቻቸውን ከ100 ጊጋባይት በላይ የሚይዙ ጌሞች እንዳሉ ያስታውሱ። ኤም.2 የሚለው ስም የሚገልጸው ቅርጹን እንጂ ፍጥነቱን አይደለም፤ በተመሳሳይ ቅርጽ የሚሠራ፣ በሰከንድ ወደ 550 ሜጋባይት ላይ የሚቆም የሳታ ዓይነትም አለ። የማዘርቦርዱ መመሪያ ስሎቱ የትኛውን እንደሚቀበል ይናገራል። ለጌም በ3ኛው ትውልድና በ4ኛው ትውልድ ኤንቪኤምኢ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው ስለማይታይ በርካሹ ይረኩ። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ካለዎት ለፊልምና ለፎቶ ይጠቀሙበት፤ ዊንዶውስንና ጌሙን ግን አይጫኑበት።

## ደረጃ 7፦ ፓወር ሰፕላዩን ያስሉ

ከሁሉም ዕቃ ተበላሽቶ ሌላውን ይዞ የሚጠፋው ይህ ነው። ስለዚህ የተረፈው ገንዘብ የሚጣልበት ቦታ አይደለም።

ፍላጎትዎን ይደምሩ። ለአርኤክስ 6600 132 ዋት፣ ለፕሮሰሰሩ 90 ዋት፣ ለማዘርቦርድ፣ ለራም፣ ለኤስኤስዲና ለፋኖች 60 ዋት ይያዙ፤ ድምሩ ወደ 280 ይጠጋል። ግራፊክስ ካርዶች ለቅጽበት ከተጻፈባቸው በላይ ኃይል ስለሚስቡና ፓወር ሰፕላይም በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ስለሚሞቅ፣ የ500 ወይም የ550 ዋት ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ይምረጡ።

በጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ያንብቡ። ፕሮሰሰሩና ካርዱ የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። በሠንጠረዡ ላይ ከ12 ቮልት ሥር የተጻፈውን አምፔር በ12 ያባዙ። ካርቶኑ ላይ 500 ዋት ተብሎ ሠንጠረዡ 25 አምፔር ካሳየ በእርግጥ የሚያገኙት 300 ዋት ነው፤ የተቀረው በማይጠቅሙ መስመሮች ላይ የተደመረ ቁጥር ነው። በጥሩ ፓወር ሰፕላይ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረባሉ። ሠንጠረዥ ያልተለጠፈበትን በነጻም ቢሰጥዎ አይሰኩ።

«80 ፕላስ» የሚለው ምልክት ከግድግዳ የተወሰደው ኃይል ምን ያህሉ ሳይባክን እንደሚደርስ ይናገራል፤ ስለ ዕቃው ጥንካሬ ማረጋገጫ አይደለም። ከምልክቱ በተጨማሪ ከመጠን ያለፈ ኃይል፣ ከመጠን ያለፈ ሙቀትና የአጭር ዙር መከላከያ እንዳለው በአምራቹ ዝርዝር ላይ ያረጋግጡ።

ማስጠንቀቂያዎች፦

- የሚነቀል ኬብል ያለው ፓወር ሰፕላይ ከሆነ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ኬብል በፍጹም አይሰኩበት። መሰኪያው ቢገጥምም በውስጡ ያለው የሽቦ አደረጃጀት ስለሚለያይ ኤስኤስዲውን ወይም ማዘርቦርዱን ያቃጥላል።
- ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለው ከመሰካትዎ በፊት ከመብራትዎ ቮልቴጅ ጋር ያስተካክሉት።
- ሽፋኑን አይክፈቱ። ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አደገኛ ኃይል ይዘው ይቆያሉ።
- ለካርዱ የሚሆን መሰኪያ ከሌለው በማስቀጠያ ለመፍታት አይሞክሩ፤ ፓወር ሰፕላዩ ለዚያ ካርድ አልተሠራም ማለት ነው።

## ደረጃ 8፦ ኬዝ

ሦስት ልኬቶችን ብቻ ያወዳድሩ፦ የሚቀበለውን የማዘርቦርድ መጠን፣ የሚቀበለውን የካርድ ርዝመትና የሚቀበለውን የማቀዝቀዣ ከፍታ። ፊቱ በመስታወት የተዘጋውን ትተው ወንፊት የሆነውን ይምረጡ፤ ከፊት አየር የሚያስገባ፣ ከኋላ የሚያስወጣ ቢያንስ አንድ አንድ ፋን ይኑረው።

## ደረጃ 9፦ ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ሳይፈትሹ አይክፈሉ

ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ገንዘብን በእጅጉ ይቆጥባል፤ ፓወር ሰፕላይ ግን ያገለገለ አይግዙ። ካርዱን በሻጩ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ እየሠራ ካላዩት ይተዉት። ሲያዩት በመጀመሪያ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍተው የካርዱን ስም፣ የኮር ብዛትና ሜሞሪ ከአምራቹ ዝርዝር ጋር ያስተያዩ፤ በውስጡ ያለው ሶፍትዌር ተለውጦ በሌላ ስም የሚሸጥ አሮጌ ካርድ የሚጋለጠው በዚህ ነው። ቀጥለው ካርዱን በከባድ ሥራ የሚፈትነውን ፈርማርክ የሚባል ፕሮግራም ለ15 ደቂቃ ያስኬዱ። ምስሉ ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር ከታየ፣ ኮምፒውተሩ ከጠፋ፣ ወይም ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፎ መውጣቱን ካላቆመ አይግዙት። ለኤስኤስዲ ክሪስታልዲስክኢንፎ፣ ለራም ሜምቴስት86 ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ፤ በሜምቴስት86 አንድም ስህተት ከታየ ራሙ አይጠቅምም።

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝተው ካርድ ለመጨመር ካሰቡ ቀድመው ይክፈቱት። ብዙዎቹ ፓወር ሰፕላያቸውና ማዘርቦርዳቸው ልዩ ቅርጽ ስላላቸው በሌላ አይተኩም፤ ለካርድ የሚሆን የኃይል መሰኪያም የላቸውም። እንዲህ ባለው ላይ የሚሠራው ከስሎቱ ብቻ የሚመገብ፣ ከ75 ዋት የማይበልጥ ካርድ ነው፤ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱ በ70 ዋት የሚሠራ ስለሆነ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ነው። ኬዙ ቀጭን ከሆነ ቁመቱ ያጠረውን ዓይነት ይፈልጉ።

## ደረጃ 10፦ ከመክፈልዎ በፊት

ወረቀትዎን ይዘው እያንዳንዱን ጥንድ በጣትዎ እየነኩ ያረጋግጡ፦ ፕሮሰሰርና ሶኬት፣ ፕሮሰሰርና ባዮስ፣ ራምና ማዘርቦርድ፣ ኤስኤስዲና ስሎት፣ ካርድና የኃይል መሰኪያ፣ ካርድና የኬዝ ርዝመት፣ ፋንና የኬዝ ከፍታ። ከዚያ ሁሉንም በተቀራረቡ ቀናት ይግዙ። በደረጃ 2 እንደተባለው የራሱ ግራፊክስ ያለው ፕሮሰሰር ካልያዘ በቀር፣ ማዘርቦርዱን ዛሬ፣ ካርዱን ከሦስት ወር በኋላ የሚገዛ ሰው ማዘርቦርዱ ብልሽት እንዳለበት የሚያውቀው የመመለሻው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልሞላ ገንዘቡን ያጠራቅሙ እንጂ ዕቃውን አያጠራቅሙ።

## አንድ ነገር ሲበላሽ

ይበራል፣ ሞኒተሩ ግን ምንም አያሳይም። ኬብሉ በማዘርቦርዱ ሳይሆን በግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካቱን ይመልከቱ። ለፕሮሰሰሩ የሚሄደው ባለ 8 ፒን ኬብል መሰካቱን ያረጋግጡ፤ ይህ ኬብል ለካርዱ ከሚሄደው ባለ 8 ፒን ጋር ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለምና በጉልበት አይግፉ። ራሙን ነቅለው አንዱን ብቻ ከፕሮሰሰሩ በሁለተኛው ስሎት ላይ ይሞክሩ። አሁንም ካልታየ በደረጃ 4 ወደጻፉት የባዮስ ቁጥር ይመለሱ። በኤኤም5 ላይ የመጀመሪያው ማብራት ሜሞሪውን ለማስተካከል ደቂቃዎች ሊወስድ ስለሚችል በትዕግሥት ይጠብቁ፤ መሐል ላይ አያጥፉ።

ጌሙ ከተጠበቀው በታች ነው። ባዮስ ውስጥ ገብተው ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚለውን ያብሩ፤ ካልበራ 3200 ተብሎ የተገዛው ራም በ2133 ወይም በ2666 ሊሠራ ይችላል። ሁለቱ ቁራጮች ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ስሎት ላይ መሆናቸውን ይመልከቱ። ከዚያ ጌሙ እየሄደ የካርዱን አጠቃቀም ያንብቡ፦ ወደ 97 በመቶ ከተጠጋ ካርዱ አቅሙን ጨርሷልና የምስል ደረጃውን ይቀንሱ፤ 60 በመቶ ላይ ከቆመና ፍሬሙን የሚገድብ ቅንብር ካልበራ ፕሮሰሰሩ ወይም ራሙ ወደ ኋላ እየጎተተው ነው።

በጌም መሐል ድንገት ይጠፋል። የፕሮሰሰሩንና የካርዱን ሙቀት ይመልከቱ። በፕሮሰሰሩ ፋን ሥር ያለው ፕላስቲክ ሳይላጥ መቅረቱ የተለመደ ስህተት ነው። ሙቀቱ ደህና ሆኖ ከባድ ጌም ሲከፈት ብቻ ከጠፋ ጥርጣሬውን ወደ ፓወር ሰፕላዩ ያዙሩ፤ በሌላ በሚታመን ፓወር ሰፕላይ እስኪፈተሽ ድረስም ደጋግመው አያብሩት።

ባለ 144 ሄርዝ ሞኒተር ለውጥ አላሳየም። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ በ60 ስለሚተወው በሞኒተሩ ቅንብር ውስጥ «አድቫንስድ ዲስፕሌይ» ከሚለው ገብተው 144 የሚለውን ይምረጡ። በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ኬብሉ አሮጌ ነውና ዲስፕሌይፖርት ኬብል ይጠቀሙ።